የሎርድ ሎቫት ጣቶች ከዚራ ላይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን 32 ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ወር የፖለቲካ ሰዎችን ፊት እያጋነኑ በመዳብ ላይ ስለሠሩ የድሮ አውሮፓ ሠዓሊዎች አንድ ገጽ አወጣችሁ። ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለፈው እትም ደግሞ አንድ አንባቢ መልስ ላኩ። ሥዕሎቹ ስድብ ናቸው፣ ሰው ማዋረድ ነው፣ ከባህላችን የራቀ ነው፣ ጋዜጣው ከእንዲህ ዓይነት ነገር እጁን ይሰብስብ አሉ። እናንተም ከሥሩ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» ብላችሁ አተማችሁ። ተቀብለናል ማለት ልታቆሙ ነው? እኔ እንዳታቆሙ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው።

ከሙያዬ ልጀምር። እኛ ጠጋኞች የተቃጠለ ሰርኪት መተኪያ ሲጠፋ ራሳችን እንሠራዋለን። መዳብ የተለበጠበት ሰሌዳ እንወስዳለን። ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን መስመር በጥፍር ቀለም ወይም በማርከር እንሥልበታለን። ከዚያ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ እንነክረዋለን፤ መልኩ ጀበና ውስጥ የቆየ ቡና ይመስላል። ፈሳሹ ያልተሸፈነውን መዳብ ሁሉ ይበላዋል። የተቀባው መስመር ብቻ ይተርፋል። ስንት ሬዲዮ በዚህ ዘዴ ነፍስ ዘርቷል።

ኤቺንግ የሚባለው የሥዕል ሙያ ያው የኔው ሥራ ሆኖ አገኘሁት፣ የተገለበጠ። ሠዓሊው መዳቡን በሙሉ በሰም ይሸፍነዋል። የንብ ሰም፣ ሬንጅና የዛፍ ሙጫ አንድ ላይ ቀልጠው ነው። ሙጫው እኛም ብየዳ ላይ የምንጠቀምበት ሮዚን ነው። ሰሙ ሲደርቅ በመርፌ ይሥልበታል። መርፌው ባለፈበት መዳቡ ይገለጣል። አሲድ ውስጥ ሲገባ የተገለጠው ብቻ ይበላና ቀጭን ቦይ ይሆናል። ሰሙ ይነሣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከላይ ያለው በጨርቅ ተጠርጎ ቦዩ ውስጥ ያለው ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተነጥፎበት በከባድ ማተሚያ ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ከቦዩ መጥጦ ያወጣዋል። እኔ መስመሩን ሸፍኜ ሌላውን አስበላለሁ። እነሱ ሌላውን ሸፍነው መስመሩን ያስበላሉ። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ ሲል ቃሉን ከአንጥረኛ ቤት ነው የወሰደው። እዚህም ከሰሙ ሥር ሌላ ነገር አለ።

ለምን በመዳብ? አንድ መዳብ ብዙ መቶ ቅጂ ስለሚያወጣ ነው። የዘይት ቀለም ሥዕል አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይሰቀላል፤ አሠሪውም ራሱ ባለሥልጣኑ ነው። ከመዳብ የወጣው ግን ሱቅ መስኮት ላይ ይለጠፋል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጄምስ ጊልሬይ ለንደን ውስጥ ሃና ሃምፍሪ የምትባል ሥዕል ነጋዴ ሱቅ ላይ፣ ፎቅ ቤት ነበር የሚኖረው። የሠራውን እሷ መስኮቷ ላይ ትሰቅለዋለች። መግዛት የማይችለው መንገደኛ መስኮቱ ሥር ቆሞ ያያል። ማንበብ የማይችለውም ይገባዋል።

እናንተ ያተማችሁት እ.ኤ.አ. በ1805 የሠራው የዚህ ጊልሬይ ሥዕል ነው። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት እና ናፖሊዮን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል። መሐላቸው ያለው እንግሊዞች ለገና የሚበሉት ክብ የዘቢብ ምግብ ነው። ምግቡ ግን ዓለም ነው። ፒት ውቅያኖሱን ይቆርጣል፣ ናፖሊዮን አውሮፓን። ፒት ረጅምና ከሲታ፣ ናፖሊዮን ደግሞ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ ድንክ። እናንተ ይህን ሁሉ የቴምብር ያህል አሳንሳችሁ አተማችሁት። ፒት የያዘው ሹካ ሦስት ጣት ያለው የባሕር ጦር መሆኑን ማን ያያል? እኔ ያየሁት የእህቴ ልጅ በስልኳ ፈልጋ ስታሰፋልኝ ነው።

እዚህ ላይ ለእኚህ አንባቢ እውነታቸውን ልስጣቸው። ናፖሊዮን ድንክ አልነበረም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ገደማ ነበር፤ ለዘመኑ ፈረንሳዊ መካከለኛ ነው። ዓለም እስከ ዛሬ አጭር ነው የሚለው በጊልሬይና በመሰሎቹ ምክንያት ጭምር ነው። ሰውየው አገር ወሯል፣ ስንቱን አስጨርሷል። በዚህ መከሰስ ሲገባው በቁመት ተከሰሰ፣ ያውም በሐሰት። ይህን አልወደውም።

ከጊልሬይ በፊት የነበረው ዊሊያም ሆጋርት ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ አየሁት። ሆጋርት በመዳብ ከሠራቸው ሰዎች ሁለቱን ልጥቀስ። አንዱ ጆን ዊልክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1763። ዊልክስ ንጉሡን የሚነቅፍ ጋዜጣ የሚያወጣ የምክር ቤት ሰው ነበር። ዓይኑ ከተፈጥሮው ሸውራራ ነው። ሆጋርት ዓይኑን አጎላው፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩንም ቀንድ አስመሰለው። ዊልክስ ግን ትልቅ ሰው ነበር። ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ያንን ሥዕል እየመሰልኩ መጣሁ ይል ነበር ይባላል።

ሌላው ሎርድ ሎቫት ነው። ሎቫት የስኮትላንድ ባላባት ነበር፣ ሰማንያ የተጠጋ ሽማግሌ። እ.ኤ.አ. በ1745 በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ አመፅ ሲነሣ ለመንግሥት ታማኝ ነኝ ይላል፣ ልጁን ግን ጦር አስይዞ ወደ አማፂው ይልካል። ማን እንደሚያሸንፍ እስኪለይ ሁለት ቦታ ቆመ። አመፁ ሲከሽፍ ተይዞ ወደ ለንደን ሲወሰድ፣ መንገድ ላይ ሴንት አልባንስ ከተማ ሆጋርት ሄዶ አገኘው። ያየውን በመዳብ አወጣው። ወፍራም ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወደ እኛ እያየ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። በአንድ እጁ ጣት የሌላውን እጁን ጣቶች እየነካ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ያመፁትን ጎሳዎች ነው፤ እገሌ ይህን ያህል ሰው አለው፣ እገሌ ይህን ያህል። በ1747 አንገቱ ተቀላ። እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ቅጣት የሞተ የመጨረሻው ሰው ነው።

እነዚህን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ አሰብኩ። የዊልክስ ዓይን የፈጣሪ ነው። የሎቫት ጣት ግን የሎቫት ነው። ያንን ጣት እንዲህ ያስቆጠረው ማንም አይደለም፣ ራሱ ነው። አንባቢው ስድብ ያሉት የመጀመሪያውን ዓይነት ከሆነ አብሬያቸው ነኝ። ሁለተኛው ግን ስድብ አይደለም፣ ምስክርነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠርገው መጣላቸው ነው የቆጨኝ።

ይህን የምለው እንዲሁ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሰፈራችን በስልክ አንድ ምስል ዞረ። የአንድ ባለሥልጣን ጭንቅላት እንስሳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ የተጻፈው ሰውየው ስላደረገው ነገር አንድም አይናገርም፤ ስለ ዘሩ ነው። ሱቄ በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ በርጫ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ምስሉን ስቆ አሳየ፣ ሌላው ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው ተቀምጠው አላየሁም። አብረው ያደጉ የድሬ ልጆች ናቸው። ድሬ ላይ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ባንድ ግቢ ነው የሚያድገው። እኛ ጋ የአንድን ሰው አፍንጫ ወይም ፀጉር ያሾፍክ እንደሆነ የጎረቤትህን እናት ነው የነካኸው። ስለዚህ አንባቢው የፈሩትን እኔም እፈራለሁ።

ያ የስልክ ምስል ግን በአንድ ደቂቃ የተሠራ ነው። የሠራው ልጅ የሰውየውን ፊት አላየውም። ቆርጦ ነው የለጠፈው። መዳብ እንዲህ አይፈቅድም። መዳብ ላይ ፊት ለመሥራት ያንን ፊት ለቀናት ማየት አለብህ። ለቀናት ያየኸውን ሰው ደግሞ በደፈናው መጥላት ይከብዳል። ሎቫት ከነተንኮሉ ሰው ሆኖ ነው የወጣው። ጉልበቱ ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ቀልድ ያውቃል።

«ከባህላችን የራቀ» ያሉት ግን ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎቻችንን ይመልከቱ። በአብዛኛው ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሣለው። ክፉው በጎን፣ ባንድ ዓይን። የዓድዋን ጦርነት የሣሉት አባቶቻችንም ይህን ሥርዓት ይዘው ጣልያኖቹን በጎን ሠሯቸው። ሠዓሊው ፍርዱን በዓይን ቁጥር ሰጠ። የማንንም አፍንጫ ማጣመም አላስፈለገውም። ከዚህ የበለጠ ምን የፖለቲካ ሥዕል አለ? አዝማሪስ ጌታው ፊት ቆሞ ጌታውን በቅኔ ሲሸነቁጥ አልኖረም? እኛ ድሬዎች ደግሞ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለንም። እኔ ራሴ 32 ዓመት ሙሉ ማርኮኒ ነኝ፣ በሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ጣልያናዊ ስም። የመዝገብ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አቦ፣ ቅጽል ስም ምንድን ነው? በአንድ ቃል የተሠራ የፊት ሥዕል ነው።

አንድ እርማት አለኝ። ፈረንሳዊውን ዶሚየርን ከመዳብ ሠራተኞቹ ጋር ቆጥራችሁታል። በፖለቲካ የታወቁት የእሱ ሥዕሎች ሊቶግራፍ ናቸው፤ በድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ ተሥለው የሚታተሙ። አሲዱ እዚያም አለ፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሕዝቡን ገንዘብ በቅርጫት በቅርጫት ሲውጥ ሣለው። ስድስት ወር ተፈረደበት፣ እ.ኤ.አ. በ1832 ታሰረ። በዚያው ዘመን የምክር ቤት ሰዎችን እያየ ፊታቸውን በጭቃ ይሠራ ነበር። 36ቱ የጭቃ ፊቶች ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ አሉ። በ1835 ደግሞ ፈረንሳይ እንዲህ ያለውን የፖለቲካ ሥዕል በሕግ ዘጋች።

እንግሊዞቹ ከማሰር መክፈል መረጡ። ጊልሬይ ከመንግሥት በድብቅ አበል ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ጆርጅ ክሩክሻንክ የተባለው ሠዓሊ አራተኛው ጆርጅን በነውር ሁኔታ እንዳይሥል 100 ፓውንድ ተከፍሎታል። ንጉሥ ከሠዓሊ ዝምታ ሲገዛ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚወጋ ከዚህ ይታወቃል።

የስፔኑን ጎያን ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ነው ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ1799 80 ሥዕል የያዘ ጥራዝ አውጥቶ ሽቶና መጠጥ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ አስቀመጠ። አንዱ ላይ አህያ ልብስ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ትልቅ መጽሐፍ ገልጦ ያሳየናል። መጽሐፉ የዘር ሐረጉ ነው። ገጹ ላይ የተደረደሩት አያት ቅድመ አያቶቹ ሁሉ አህዮች ናቸው። ብዙ ሰው ይህ ጎዶይ የሚባለው ኃያል ሚኒስትር ነው አለ። ጎያ ስም አልጠራም። የማንንም ፊት አላበላሸም። በዘሩ የሚኩራራውን ሁሉ ግን ያዘው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥራዙን ከሽያጭ አነሣው፤ የተሸጠው 27 ብቻ ነበር። መዳቦቹን በ1803 ለንጉሡ ሰጣቸው። እስከ ዛሬ ማድሪድ ውስጥ አሉ። መሣሪያ ወዳጅ ነኝና ይህ መዳቦቹ የመኖራቸው ነገር ልቤን ይነካዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እጄ አላስቀመጠኝም። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው፣ ሥዕል ትወዳለች። ሎቫትን እንሞክረው አልኳት። ስስ የሰርኪት ሰሌዳ ቆረጥኩ። ሰም፣ ሬንጅና ሮዚን በቆርቆሮ አቅልጠን ቀባነው። የመጀመሪያው ተበላሸ። የድሬ ሙቀት ሰሙን አለሰለሰው፤ እጇ ባረፈበት ሁሉ ተላጠ። ሁለተኛውን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ሠራነው፣ ሦስት ንጋት። ልጅቷ ፊቱን፣ እኔ እጆቹን። ካውያ ይዞ የኖረ እጅ መርፌ መያዝ አይከብደውም። የሚከብደው ማየቱ ነው። የሎቫት አመልካች ጣት ጫፉ ላይ ትንሽ ይጎብጣል። ጣቱን እየነካ እንጂ እየጠቆመ አይደለም። ያንን አንድ ጉብጠት ለማግኘት አንድ ንጋት ሄደ።

ሰሌዳው ላይ ያለው መዳብ ከፀጉር አይወፍርም። ስለዚህ ፌሪክ ክሎራይዱ ውስጥ ሲገባ ዓይኔን አላነሣሁም። ቦዩ ሲታየኝ አውጥቼ አጠብኩት። አንድ ወዳጄ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት በጠርሙስ ክዳን ጥቁር ቀለም አመጣልኝ። ማተሚያ የለንም። ጎረቤታችን ፓስታ መሥራት ካቆሙ ዓመታት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ የዛገች የፓስታ ማሽን ነበረቻቸው፣ እሷን ሰጡን። ሰሌዳውን፣ እርጥቡን ወረቀትና ቁራጭ ብርድ ልብስ ደራርበን እጀታውን አዞርኩ። ልጅቷ ወረቀቱን ከጥጉ ይዛ ቀስ ብላ ላጠችው።

«አጎቴ፣ ተገለበጠ!» አለች።

እውነቷን ነው። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጣ። ከመዳብ የሚታተም ሁሉ ይገለበጣል፣ ረስተነው ነበር። ፊቱ ትንሽ ጨልሟል። ጣቶቹ ግን አሉ። ይቆጥራሉ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ያሳዝናል፣ ግን አላምነውም» አለች። እናንተ አንድ ገጽ የጻፋችሁበትን ነገር በዚህች አረፍተ ነገር ጨረሰችው።

አሁን የምለምናችሁን ልናገር። ገጹን አታቁሙ። በወር አንድ ሥዕል ብቻ አትሙ፣ ግን ሙሉ ገጽ ስጡት፤ መስመሩ ይታይ። ከፈረንጆቹ ጋርም አትቅሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። የኅትመት ሥዕል የተማሩ ልጆች ከዚያ ይወጣሉ። ጥሯቸው። የኛን ሰዎች ይሥሩልን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጥን ፈቅዷል፤ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም።

መስፈርቱን ደግሞ በግልጽ ጻፉላቸው። ሰው ተወልዶ ያገኘውን አትንኩ፤ ዓይኑን፣ ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ ዘሩን፣ ሃይማኖቱን። የሠራውን ሥሩ። እኔ ሠዓሊ ብሆን የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጥ እጅ ነበር የምሠራው። የግንበኛ ማንኪያ ይዟል፣ ሲሚንቶ ጫፉ ላይ ብቻ አለ፣ የሸሚዙ እጅጌ ንጹሕ ነው፣ ፊቱ ወደ ካሜራ ዞሯል። ከኋላው ሣር የበቀለበት የአምናው ድንጋይ ይታያል። ማንን ነው የሰደብኩት? ማንንም። ግን እዚህ አገር ይህን እጅ የማያውቅ ሰው የለም። ባለቤቱም ያውቀዋል። ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ ማንኪያውን ከማንሳቱ በፊት የአምናው ድንጋይ የት እንደደረሰ ይጠይቅ ይሆናል። እኚያ አንባቢም ይህን ሥዕል ቢያዩት የሚጠሉት አይመስለኝም። ድሬ ከመጡ ሱቄ ይምጡ፣ ሻይ ጋብዤ የሠራነውን አሳያቸዋለሁ።

ከዚያች ማሽን 11 ቅጂ አወጣን። አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። አንዱን ሱቄ መስኮት ላይ፣ ከውስጥ በኩል ለጥፌዋለሁ። ሰው ያልፋል፣ ቆም ይላል። አንዳንዱ ማነው ብሎ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የሚያውቀውን ሰው ስም ይጠራል። ትናንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። አንገቱን አውጥቶ ትንሽ አየና፣

«ማርኮኒ፣ ይሄ ሰውዬ ብር ነው ወይስ ሰው የሚቆጥረው?» አለኝ።

ሰው ነው አልኩት። ተሳፋሪዋም ለማየት ከባጃጁ ወረደች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሬዲዮ ጠጋኙ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ